ደረቅ መኮሮኒን ቀለም ነክሮ ለልጆች መጫወቻ ስለ ማዘጋጀት

ሕፃን ልጅ አፉን ፈትቶ ከመናገሩ አስቀድሞ ያገኘውን ነገር ሁሉ ይጨብጣል፤ ያገላብጠዋል፤ ወደ አፉ ያስጠጋዋል፤ ኋላም ጥሎት ሲወድቅ ድምፁን ያዳምጣል። ይህን የሚያይ ሰው ልጁ ቤት የሚያበላሽ እየመሰለው ይቈጣል። ነገር ግን ሻካራውን ከለስላሳው፣ ከባዱን ከቀላሉ፣ ሙሉውን ከባዶው መለየት የሚማረው በዚሁ ሥራ ነው። ከዓመታት በኋላ ቍጥርና ፊደል ሲቀርብለት መሠረት የሚሆነው አስቀድሞ በእጁ ያገኘው ዕውቀት ነውና፣ የልጅን ጨዋታ እንደ ከንቱ ነገር መቍጠር አይገባም።

ስለዚህ ዛሬ በዚህ ገጽ ልንጽፍበት ያሰብነው ነገር ለአንዳንድ አንባቢዎች ትንሽ መስሎ ቢታይም ጥቅሙ ትንሽ አይደለም። ይኸውም ደረቅ መኮሮኒን በልዩ ልዩ ቀለም እየነከሩ ሕፃናት በእጃቸው እንዲዳስሱት፣ እንዲለዩት፣ እንዲቈጥሩትና በክር እንዲሰኩት ማድረግ ነው። ልማዱ በሌሎች አገሮች በሕፃናት ማቆያና በየቤቱ የታወቀ ነው። እኛ የምንኖረው በአዊ ዞን፣ በአየሁ ጓጉሳ ወረዳ፣ በአዘና ከተማ ነው፤ ሥራውንም የሞከርነው በዚሁ በቤታችን ስለ ሆነ፣ የምንናገረው ከሰማነው ይልቅ ካየነው ነው።

መኮሮኒ ከኢጣልያ የመጣ ምግብ መሆኑን ስሙ ራሱ ይናገራል። ጠላት አገራችንን በግፍ ይዞ በነበረበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ፣ ይህ ምግብ በየከተማው ይበልጥ ታወቀ፤ ፓስታና አቼቶ የሚሉት ቃላትም ከዚያው ቋንቋ መጥተው በአፋችን ቀርተዋል። ባለቤቱ ሲሄድ ምግቡ አልሄደም፤ ዛሬ በትናንሾቹ ከተሞች ሱቅ ውስጥ ሳይቀር ይሸጣል። የሚሠራው ከስንዴ ነው፤ ደርቆ ሲቀመጥ ብዙ ጊዜ ሳይበላሽ ይቈያል፤ ውስጡ ክፍት ስለ ሆነ ክር ያሳልፋል፤ ገጹም ቀለም ይይዛል። ለልጆች ጨዋታ የተመረጠውም በእነዚህ ጠባዮቹ ነው።

እንግዲህ ሥራውን ከመግለጣችን በፊት፣ በቤታችን ስለ ተነሣው ክርክር መናገር ይገባናል፤ ይኸው ክርክር በሌሎችም ቤቶች እንደሚነሣ አንጠራጠርምና።

መኮሮኒውን ከሱቅ አምጥተን ለምን እንደ ሆነ በተናገርን ጊዜ፣ ከእኛ ጋራ የሚኖሩት አሮጊት እናታችን ፊታቸውን አጠቈሩ። «ልጆቼ፣ እኛ እህል ከመሬት ወድቆ ብናገኝ አንሥተን ስመን የምናስቀምጥ ሰዎች ነን። ዛሬ ለመጫወቻ ልናደርገው ነውን?» ብለው ጠየቁን። በዚህ ቃል ላይ መሳቅ የሚችል ሰው ካለ ረኃብን ያላየ ሰው ነው። በ1977 ዓ.ም. በወሎና በሌሎችም አውራጃዎች ረኃብ በጸና ጊዜ ብዙ ሕዝብ ከቀዬው ተነሥቶ ከአዊ ጋራ በሚዋሰነው በመተከል፣ በፓዌ እንዲሰፍር ተደርጓል። ያን ዘመን ያዩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች እህል ያለ ዋጋ ሲበተን ቢያዩ ልባቸው መታወኩ ተገቢ ነው። ደግሞም ዛሬ የዕለት እንጀራውን በጭንቅ የሚያገኝ ቤተ ሰብ አለ፤ ለእንደዚህ ያለው ሰው መኮሮኒ ግዛና ለጨዋታ አድርገው ማለት ምክር ሳይሆን ስድብ ይሆናል።

ስለዚህ የእናታችንን ነገር ንቀን አላለፍነውም። በጉዳዩ ላይ ተቀምጠን ተመካከርን፤ ሁለት ጥያቄዎችንም ለያይተን አየናቸው። አንደኛው፣ ልጅ በእጁ የሚዳስሰው ባለ ቀለም ነገር በእርግጥ ያስፈልገዋልን? የሚል ነው። ሁለተኛው፣ የሚያስፈልገው ከሆነ የእህልን ክብር ሳናፈርስ እንዴት ልናቀርብለት እንችላለን? የሚል ነው።

ስለ መጀመሪያው ጥያቄ የሚከተለውን እንላለን። ፍሬድሪክ ፍሮብል የተባለው ጀርመናዊ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1837 በብላንከንቡርግ ከተማ የሕፃናት ትምህርት ቤት በከፈተ ጊዜ፣ ለልጆች አስቀድሞ ካዘጋጀላቸው መጫወቻዎች የመጀመሪያዎቹ በ6 ቀለም የተሠሩ የክር ኳሶች ነበሩ። እንደዚሁም በ1907 ሐኪሟ ማሪያ ሞንቴሶሪ በሮማ ከተማ፣ ሳን ሎሬንዞ በሚባለው የድኾች ሰፈር፣ ወላጆቻቸው ለሥራ ለሚወጡ ሕፃናት ቤት ከፈተች። እርስዋም ልጆች ቀለምን ከቀለም፣ ወፍራሙን ከቀጭኑ፣ ሻካራውን ከለስላሳው በእጃቸውና በዓይናቸው የሚለዩበትን መሣሪያ ሁሉ አሰናድታ፣ ድኻ የተባሉት ልጆች በዚህ ዘዴ እንዴት እንደሚማሩ ለዓለም አሳየች። መኮሮኒ ከመጣበት አገር ይህም ትምህርት መምጣቱ መልካም መገጣጠም ነው።

ነገር ግን ይህን ጥበብ ለማግኘት ወደ ሩቅ አገር ብቻ መመልከት የለብንም። የእኛ ሴቶች ልጆች በጠጠር ቅልብልቦሽ ሲጫወቱ አንዱን ወደ ላይ ወርውረው ሌላውን ከመሬት የሚለቅሙት ዓይንና እጅን በአንድነት እያሠለጠኑ ነው። እረኞች መሬት ቈፍረው ገበጣ ሲጫወቱ የሚደምሩና የሚቀንሱ ናቸው። በእቃቃ ጨዋታ ከጭቃ ድስትና ምጣድ የምትሠራው ሕፃን የእናቷን ሥራ በእጅዋ እያጠናች ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ሁሉ ያለ መምህር ያገኙት ነበር፤ ልዩነቱ እነርሱ ስም አላወጡለትም። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለው ተረትም እውነት ነው፤ ለራት አይበቃም። ነገር ግን ልጅነቱን ሳያቦካ ያሳለፈ ሰው አድጎ ሲያቦካ ይቸገራል።

ደግሞም ቀለም ለአዊ ልጅ እንግዳ ነገር አይደለም። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓላቸውን ሲያከብሩ ፈረሶቹ በልዩ ልዩ ቀለም ተሸልመው ይወጣሉ፤ ልጆችም በአባቶቻቸው ትከሻ ላይ ሆነው ያያሉ። በየቤቱም እናቶች ስንደዶ ቀለም ነክረው አለላ ያደርጉና መሶብና ሙዳይ ይሰፉበታል። ልጁ ይህን ሁሉ ከሩቅ ያየዋል፤ በእጁ ግን አይሰጠውም፤ አለላው ውድ ነውና፣ ወስፌውም ይወጋዋልና። እኛ የምንለው በዓይኑ የለመደውን በእጁም እንዲያገኘው ነው።

ስለ ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ ከእናታችን ጋራ ተስማምተን ለቤታችን የሚከተለውን ሕግ አወጣን። አንደኛ፣ ለዓመት የሚገዛው መኮሮኒ ከግማሽ ኪሎ አይበልጥም፤ አንድ ጊዜ የተነከረው በጥንቃቄ ከተቀመጠ ብዙ ወራት ያገለግላልና። ሁለተኛ፣ ጨዋታው በሰፌድ ላይ ይሆናል እንጂ በመሬት ላይ አይሆንም፤ እግር የሚረግጠው አይኑር። ሦስተኛ፣ የወደቀውን ሁሉ ልጆቹ ራሳቸው ሳይለቅሙ ከቦታቸው አይነሡም። አራተኛ፣ የሚበላው በወጥ ቤት፣ የሚጫወቱበት በሌላ ቆርቆሮ ተለይቶ ይቀመጣል፤ ልጆችም ልዩነቱ ይነገራቸዋል። አምስተኛ፣ በእርድና በቀይ ሥር የተነከረው ሲያረጅ ለዶሮ ይሰጣል እንጂ በመንገድ አይደፋም። እናታችን ይህን ከሰሙ በኋላ፣ «እንዲህ ከሆነ እህል ማክበርንም ይማሩበታል» ብለው ፈቀዱልን።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ግማሽ ኪሎው በ4 እኩል ይከፈላል፤ ሦስቱ ይነከራሉ፤ አራተኛው እንደ ተፈጠረ ሳይነከር ይቀራል፤ እርሱም ራሱ አንድ ቀለም ነውና።

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ መኮሮኒ እንደ ስንደዶ በፈላ ቀለም ውስጥ የማይነከር መሆኑ ነው። ስንደዶ ውሃ ቢጠጣ መልሶ ይደርቃል፤ መኮሮኒ ግን ብዙ ውሃ ካገኘ ይለሰልሳል፣ እርስ በርሱም ይጣበቃል። ስለዚህ ርጥበቱ እጅግ ጥቂት መሆን አለበት። ለእያንዳንዱ ክፍል 2 የሻይ ማንኪያ አቼቶ ይበቃል፤ አቼቶው ቀለሙን በመኮሮኒው ገጽ ሁሉ እኩል እንዲዳረስ ይረዳል፤ ሽታውም ሲደርቅ ይጠፋል። አንዳንድ ሰዎች በአቼቶ ፈንታ አልኮል ያደርጋሉ፤ አልኮል ቶሎ ይደርቃል፤ ነገር ግን እሳት በሚነድበት ቤት ውስጥ አደገኛ ስለ ሆነ እኛ አንመክረውም።

ቀለሙን በተመለከተ፣ ለምግብ ተብሎ የተዘጋጀ ቀለም በሱቅ የተገኘ እንደ ሆነ ጥቂት ጠብታ ወይም የማንኪያ ጫፍ ዱቄት በአቼቶው ውስጥ ይበጠበጣል። ያልተገኘ እንደ ሆነ ግን ወጥ ቤታችን ራሱ ቀለም ቤት ነው። ለቢጫ 1 የሻይ ማንኪያ የእርድ ዱቄት በአቼቶ ይበጠበጣል። ለቀይ አንድ ቀይ ሥር ተፍቆ ይጨመቃል፤ ጭማቂው በእሳት ላይ ሆኖ እስኪወፍርና ጥቂት ማንኪያ ብቻ እስኪቀር ይፈላል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ አቼቶ ይጨመርበታል። የሚሰጠው ቀለም ደማቅ ቀይ ሳይሆን ወደ ጽጌረዳ የሚያደላ ነው። ለብርቱካንማ ሁለቱ ይደባለቃሉ። ሁለት ቀለም ተቀላቅሎ ሦስተኛ ሲወለድ ልጆች በዓይናቸው እንዲያዩ እዚህ ላይ ቢጠሩ መልካም ነው፤ በእኛ ቤት ከሥራው ሁሉ ልጆቹን ያስገረማቸው ይህ ነበር።

ቀለሙ ከተዘጋጀ በኋላ አንዱ ክፍል መኮሮኒ ክዳን ባለው ዕቃ ወይም ቀዳዳ በሌለው ፌስታል ውስጥ ይደረጋል፤ ቀለሙም ይፈስበታል፤ አፉ በሚገባ ይታሠርና ፍሬው ሁሉ እኩል እስኪቀባ ድረስ ይናጣል። መናጡ የልጆች ድርሻ ይሁን፤ ቅቤ እንደሚናጥ እየዘፈኑ ይንጡት። ከዚያ በኋላ በወረቀት በተሸፈነ ሰፌድ ላይ ይሰጣል። ፍሬዎቹ እንዳይጣበቁ አልፎ አልፎ በማንኪያ ይገላበጣሉ።

ስለ ማድረቅ ከእናታችን ያገኘነውን ትምህርት ለአንባቢዎቻችን እናካፍላለን። እኛ ሰፌዱን ወደ ፀሐይ ልናወጣው ስንነሣ፣ «አለላ በጥላ ነው የሚደርቅ፤ ቀለምን ፀሐይ ይበላዋል» አሉን። ነገሩም ትክክል ነው፤ ይልቁንም የቀይ ሥር ቀለም በብርሃን ቶሎ የሚደበዝዝ ነው። ስለዚህ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሌሊትና አንድ ቀን መቈየት አለበት። የአዊ ምድር ክረምቱ ብርቱ ስለ ሆነ ሥራው ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው በበጋው ወራት ቢሠራ ይመረጣል። በሚገባ መድረቁንም ለማወቅ በነጭ ጨርቅ ጠረግ ማድረግ ነው፤ ጨርቁ ብዙ ቀለም የያዘ እንደ ሆነ ገና አልደረቀም ማለት ነው። ከደረቀ በኋላ ነቀዝና አይጥ እንዳያገኙት ክዳኑ በሚገጥም ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጣል።

እንግዲህ ጨዋታው ምን ዓይነት ነው? የመጀመሪያው መለየት ነው። አራቱ ቀለሞች በሰፌድ ላይ ተደባልቀው ይቀርቡና ልጁ እያንዳንዱን በየስኒው ይለያል። ሁለተኛው መስፈር ነው፤ ከስኒ ወደ ስኒ ይገለብጣል፣ የትኛው እንደ በዛና እንደ አነሰ ይናገራል። ሦስተኛው መሰካት ነው፤ በወፍራም ክር አንድ ቢጫ፣ አንድ ቀይ፣ እንደ ገና አንድ ቢጫ እያደረገ ዶቃ ይሠራል፤ ሥርዓት ማለት ምን እንደ ሆነም በዚህ ይገባዋል። አራተኛው መቍጠር ነው፤ አምስት ፍሬ አቅርብልኝ፣ ከእነርሱም ሁለቱን ለእኅትህ ስጣት፣ ስንት ቀረህ? እየተባለ ይጠየቃል። አምስተኛው በዳሰሳ ማወቅ ነው፤ ዓይኑን በነጠላ ሸፍኖ በመኮሮኒው ውስጥ የተሰወረውን ቍልፍ ወይም ማንኪያ በእጁ ፈልጎ ስሙን ይናገራል። ስድስተኛው ፊደል መሥራት ነው፤ «ሀ»ን ወይም «በ»ን በወረቀት ላይ ጽፈንለት በላዩ መኮሮኒ ይደረድራል። በእነዚህ ጨዋታዎች ሁሉ ትንሹን ፍሬ በሦስት ጣቶቹ የሚይዝ ልጅ፣ ኋላ እርሳስን የሚይዘው በእነዚያው ጣቶች ነው።

ጨዋታው ዝም ተብሎ የሚሠራ አይደለም። አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ያነጋግረው። በአዊ ዞን የአውኚ ቋንቋ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መማሪያ ሆኖ ይሰጣል፤ ስለዚህ ልጁ የቀለሙንና የቍጥሩን ስም በመጀመሪያ በእናቱ ቋንቋ ይስማው፤ አማርኛውም አውኚውም በቤት ውስጥ የሚነገር እንደ ሆነ በሁለቱም ይስማው። አንድን ቀለም በሁለት ስም የሚጠራ ልጅ አይደናገርም፤ ይልቁንም ሀብቱ እጥፍ ይሆናል። ይህንም ሥራ ለእናቶች ብቻ መተው አይገባም። እናት ከማለዳ ጀምሮ ውሃ ስትቀዳ፣ ስትፈጭና ስትጋግር የምትውል ናትና፣ አባት ከሥራው ሲመለስ ለሩብ ሰዓት ከልጆቹ ጋራ በሰፌድ ዙሪያ ቢቀመጥ ክብሩ አይቀነስም።

አሁን ስለ ጥንቃቄ እንናገር፤ ይህ ክፍል ከሁሉ የሚበልጥ ነውና አንባቢ እንዳይዘለው እንለምናለን።

ዕድሜው ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ በእንዲህ ያለ ትንሽ ነገር መጫወት የለበትም። ያገኘውን ወደ አፉ ስለሚከት ጉሮሮው ሊታነቅ ይችላል። ከዚያ በላይ ለሆኑትም ቢሆን አዋቂ ሰው ሳይኖር ቆርቆሮው አይከፈትም፤ ከጨዋታውም በኋላ ከፍ ካለ ቦታ ይሰቀላል። ፍሬ በአፍንጫው ወይም በጆሮው የከተተ ልጅ ቢኖር በእንጨትና በመርፌ መጐርጐር ወደ ውስጥ ያስገባዋልና፣ ሳይነኩ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል። የተሰነጠቀ ፍሬ ጫፉ ስለሚቧጭር ተለቅሞ ይጣላል። የተሰካውን ዶቃ ልጅ በአንገቱ አስሮ አይተኛ።

በገበያ ለአለላ የሚሸጠው የዱቄት ቀለም ለስፌት እንጂ ለምግብ የተሠራ አይደለም፤ ስለዚህ በልጆች መጫወቻ ላይ አይደረግ። ቀለሙ ደማቅ ነው ተብሎ የልጅ አፍ በሚደርስበት ነገር ላይ ማድረግ አደጋ ነው። ባቄላና ቦሎቄም በመኮሮኒ ፈንታ ለሕፃን አይሰጥ፤ ቀይ ቦሎቄ ጥሬውን ሲበላ ሆድ የሚያውክ መርዝ አለበትና። ከጨዋታ በፊትም በኋላም እጅ ይታጠብ፤ ነገር ግን ርጥብ እጅ ቀለሙን ስለሚያስለቅቅ አድርቆ መጀመር ነው። የተነከረና ብዙ እጅ የነካው መኮሮኒ ተመልሶ ለምግብ አይቀቀልም።

መኮሮኒ ለመግዛት ዐቅም የማይፈቅድለት፣ ወይም እንደ እናታችን እህልን ለጨዋታ ለማድረግ ልቡ እሺ የማይለው ሰው ደግሞ አለ። ለእርሱም መንገድ አለው። ይህንንም ያመጡት እናታችን ናቸው። ሥራችንን ጥቂት ቀን ሲመለከቱ ሰንብተው አንድ ቀን ከወንዝ ዳር የተቈረጠ መቃ ይዘው መጡ፤ «ይኸው የኛ መኮሮኒ፤ ውስጡ ክፍት፣ ዋጋው ነጻ» አሉን። በእውነትም መቃ በአንድ ጣት ስፋት እየተቈረጠ ሲደረደር ከመኮሮኒ የሚለየው እምብዛም የለም። ጫፎቹ እጅ እንዳይወጉ በድንጋይ ታሹ፤ በእርድ ውሃም ሲቀቀሉ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ሆኑ። መቃ በውሃ አይሟሽሽም፣ ነቀዝ አይበላውም፣ ለዓመታት ይቈያል። የእንጅባራ አካባቢ ደግሞ በቀርከሃው የታወቀ ስለ ሆነ፣ ከቀርከሃ ሥራ የሚተርፈው ቀጫጭን ቍራጭ ተጠርቦና ተለዝቦ ለዚሁ ሊውል ይችላል። ልጆቻችን ዛሬ መኮሮኒውንና መቃውን ቀላቅለው በአንድ ክር ይሰካሉ፤ አንደኛው ለስላሳ፣ ሁለተኛው ሻካራ ስለ ሆነ ጨዋታው ከቀድሞው ይልቅ በረታ። ስለዚህ ዋናው ነገር መኮሮኒው አለመሆኑን ተረዳን። ልጅ የሚያስፈልገው በእጁ የሚገባ፣ በቀለም የሚለይ፣ የሚቈጠርና የሚሰካ ነገር፣ ከዚህም ጋራ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ነው።

ይህን ሁሉ በዚህ ወራት ለመጻፍ የተነሣሣንበት ምክንያት አለን። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤና ጥበቃና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች የሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት መመሪያ በአንድነት ካወጡ ወዲህ፣ «ኦ-ክፍል» የሚባለው የቅድመ መደበኛ ትምህርት በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እየተስፋፋ መጥቶ ነበር። የገጠርና የትናንሽ ከተማ ልጆች ከአንደኛ ክፍል በፊት አንድ ዓመት እንዲማሩ ማድረጉ ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ብዙ ሕፃናትም ከትምህርት ተለይተው ዓመታት አለፉባቸው። የአምስት ዓመት ልጅ የነበረው ስድስት፣ ሰባት እያለ አደገ፤ ዕድሜ ትምህርት ቤት እስኪከፈት ቆሞ አይጠብቅምና።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ወላጅ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አይገባውም። ግማሽ ኪሎ መኮሮኒ ወይም አንድ እቅፍ መቃ የትምህርት ቤትን ቦታ ይተካል አንልም፤ መምህርን የሚተካ መምህር ብቻ ነው። ነገር ግን ከቤት ርቆ እንዳይሄድ የተከለከለ ልጅ፣ ከውጭ በሚሰማው ድምፅ የሚደነግጥ ልጅ፣ በሰፌድ ዙሪያ ከወላጆቹ ጋራ ተቀምጦ ቢጫውን ከቀዩ ሲለይ አሳቡ ያርፋል፤ ጣቱ ይሠለጥናል፤ ቍጥር ይለምዳል። የትምህርት ቤቱ ደጅ በተከፈተለት ቀንም ባዶ እጁን አይገባም። በ1989 በአውሮፓ አቈጣጠር የተባበሩት መንግሥታት ያጸደቁት የሕፃናት መብት ስምምነት በ31ኛው አንቀጽ የልጅን የመጫወት መብት ሲጽፍ፣ ይህ መብት በሰላም ዘመን ብቻ የሚሠራ ነው አላለም።

ስለዚህ እናቶችና አባቶች፣ አያቶችም ሆይ! የልጅ እጅ ሥራ ፈትቶ አይውልም፤ እኛ መልካሙን ያላቀረብንለት እንደ ሆነ ቢላዋውንና ክብሪቱን ፈልጎ ያገኛል። ከቤታችሁ ያለውን ተመልከቱ፤ ዐቅማችሁ የሚፈቅደውን ምረጡ፤ እህሉን አክብራችሁ፣ ቀለሙን መርምራችሁ፣ ታናናሾቹን ጠብቃችሁ ሥሩ። በቤታችሁ የሚኖሩትን ሽማግሌዎችና አሮጊቶችም ሳትጠይቁ አትጀምሩ፤ የምትፈልጉትን ጥበብ እኩሌታውን የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።